የጻፍኩትን ሰው እንዳይወስድብኝ ምን ላድርግ? የጎንደር ጸሐፊዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ጎንደር ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ አራት ሰው ቁጭ ካለ አንዱ ያላሳተመው መጽሐፍ አለው። ትንሽ አጋንኜ ይሆናል፤ ግን ብዙም አይደለም። ረቂቁ ወይ ደብተር ላይ ነው፣ ወይ ላፕቶፕ ውስጥ፣ ወይ ስልኩ ላይ። «እስቲ አሳየን» ስትሉት ወዲያው «ቢሰርቁኝስ?» ይላል።

ከዚህ በታች ያሉት እሱና መሰሎቹ የሚጠይቁኝ ናቸው። መልሴ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ መብቱ አላችሁ፤ የጎደላችሁ ማስረጃና ውል ነው። ነገሩ ፍርድ ቤት የሚያደርስ ከሆነ ግን ጠበቃ አማክሩ፤ ይሄ ጽሑፍ ጠበቃን አይተካም።

መብቴ እንዲጠበቅ መጀመሪያ የት ነው የምመዘገበው?

የትም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በኋላ በአዋጅ 872/2007 ተሻሽሏል) ለደራሲው መብት የሚሰጠው ሥራውን ከፈጠረባት ሰዓት ጀምሮ ነው። ፎርም መሙላት የለም፣ ማኅተም የለም። ሁለት ነገር ብቻ ይፈለጋል፦ ሥራው ወጥ ይሁን፣ ማለትም ከራሳችሁ የመነጨ፤ ደግሞም ተጽፎ ወይም ተቀርጾ የሚታይ የሚሰማ ነገር ይሁን። ጥሩ ይሁን መጥፎ ሕጉ አይጠይቅም። ለማንም ለማሳየት የምታፍሩበት የመጀመሪያ ረቂቅም ጥበቃ አለው።

እና ማስመዝገብ ጥቅም የለውም ማለት ነው?

አለው እንጂ። መብት ባይፈጥርም ክርክር ሲነሳ ማስረጃ ይሆናል። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሥራችሁን ተቀብሎ ይመዘግባል። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ነው፤ ከጎንደር አንድ ግጥም ይዞ መሄድ ያሳብዳል። ለሙሉ መጽሐፍ፣ በተለይ ለማሳተም ከማስረከባችሁ በፊት፣ ድካሙ ዋጋ አለው ባይ ነኝ።

እስከዚያው ግን ቤታችሁ ሆናችሁ የምትሠሩት ብዙ ነገር አለ። የእጅ ጽሑፋችሁን አትጣሉ። የተሰረዘው፣ የተደለዘው፣ ቡና የፈሰሰበት ደብተር ከንጹሑ ኮፒ ይልቅ ይመሰክርላችኋል፤ ምክንያቱም ሌባ የተሰረዘ ረቂቅ የለውም፣ ያለቀውን ብቻ ነው የያዘው። አንድ ምዕራፍ በጨረሳችሁ ቁጥር ፋይሉን ለራሳችሁ ኢሜል አድርጉ። ቀኑ እዚያው ተመዝግቦ ይቀራል፣ ስልክ ቢጠፋ ላፕቶፕ ቢቃጠልም ሥራው አይጠፋም። ረቂቁን ለሰው ስትሰጡም በቃል ብቻ አትስጡ፤ «ይኸው የላክሁልህ የልብ ወለዴ ረቂቅ ነው፣ አስተያየትህን እጠብቃለሁ» ብላችሁ ከመልእክት ጋር ላኩት። ነገ ካደኝ ብትሉ መልእክቱ አለ።

ደግሞ ስማችሁን ጻፉበት! አዋጁ ሥራው ላይ በተለመደው መንገድ ስሙ የሰፈረውን ሰው፣ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ፣ ደራሲ ነው ብሎ ይገምታል። ስም የሌለው ፋይል ልኮ ተሰረቅሁ የሚል ሰው ሳይ እበሳጫለሁ።

አይኤስቢኤን አወጣሁ፤ በቃ ተጠበቅሁ አይደል?

አይደለም። 978-99944 ብሎ የሚጀምረው ቁጥር የመጽሐፉ መለያ ነው። ከወመዘክር (ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ይወሰዳል፣ ለመደብርና ለቤተ መጻሕፍት ሥራ ያገለግላል። ባለመብት አያደርጋችሁም፣ አለመኖሩም መብታችሁን አያሳጣም። አውጡት፣ ግን ለሌላ ጥቅም ነው።

ስለ አፄ ቴዎድሮስ የቋራ ልጅነት ልብ ወለድ ልጽፍ እንደሆነ ለጓደኛዬ አወራሁት፤ ቀድሞኝ ጻፈው። ልክሰሰው?

ጓደኝነቱን ልታቆሙ ትችላላችሁ፤ ክሱ ግን አይሄድም። ሕጉ ሐሳብን አይጠብቅም። የቴዎድሮስ ልጅነት የእናንተም የእሱም አይደለም፣ የፈለገ ሁሉ ይጽፍበታል። የሚጠበቀው ሐሳቡን የገለጻችሁበት መንገድ ነው፦ ዐረፍተ ነገሮቹ፣ እናንተ የፈጠራችሁት ገጸ ባሕርይና ንግግሩ፣ ትዕይንቱን የሰደራችሁበት አኳኋን። ጓደኛችሁ እናንተ የፈጠራችኋትን አሮጊት ከነአነጋገሯ አንስቶ መጽሐፉ ውስጥ አስቀምጧት ከተገኘ ነገሩ ይለያል፤ በእርግጥ ቀድሞ የተጻፈ ረቂቅ በእጃችሁ ካለ ነው። ስለዚህ አውርታችሁ ሳይሆን ጽፋችሁ ብታሳዩ ይሻላል።

ቅኔስ? የአዝማሪ ግጥምስ? በቃል የተባለ ነገር ባለቤት አለው?

ይሄ ጎንደር ላይ ካልተጠየቀ የት ይጠየቃል! የቅኔ ቤት ልጅ ሌሊቱን ሲቆጥር አድሮ ጠዋት አዲስ ጉባኤ ቃና ያቀርባል። በልማዱ አንዴ የተሰማ ቅኔ አይደገምም፤ የሌላውን እንደ ራሱ አድርጎ ያቀረበ ደግሞ ከነውርም በላይ ነው፣ ጉባኤው ራሱ ያሳፍረዋል። ይሄ ሥርዓት ከአዋጁ በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል፤ እንደኔ እንደኔ ከአዋጁ በተሻለም ይሠራል፣ ምክንያቱም ሰሚው ሁሉ ዳኛ ነው።

ሕጉ ግን የሚያውቀው የተጻፈውን ወይም የተቀረጸውን ነው። መምህሩ በበዓል ቀን የዘረፉት ቅኔ በቃል ብቻ ተብሎ ካለፈ በአዋጁ ፊት መያዣ የለውም። ቤታቸው ገብተው ከጻፉት፣ ወይም አንድ ተማሪ ስማቸውን ጠቅሶ በስልክ ከቀረጸላቸው፣ ሥራው ግዙፍነት አገኘ ይባላል። ይሄን በደንብ ያዙልኝ፦ የቀረጸው ሰው የቅኔው ባለቤት አይሆንም። ስልኩ የእሱ ነው፣ ቅኔው የመምህሩ ነው። ባህል ቤት ውስጥ አዝማሪው እዚያው የፈጠረውን ግጥም ቀርጾ ቲክቶክ ላይ «የኔ ግጥም» ብሎ የሚለጥፈውም እንደዚያው ነው።

የሕዝብ የሆነው ሌላ ጉዳይ ነው። ቀረርቶ፣ ሽለላ፣ የሰርግ ዘፈን፣ የለቅሶ ግጥም፣ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣና ደራሲው የማይታወቅ ነገር ብትሰበስቡ ግጥሞቹ የእናንተ አይሆኑም። መጽሐፍ ስታደርጉት የመረጣችሁበትና የሰደራችሁበት መንገድ፣ የጻፋችሁት ማብራሪያ ግን የእናንተ ነው። ከደምቢያም ከጭልጋም ዞራችሁ የሰበሰባችሁትን ጥራዝ ሌላው እንዳለ ገልብጦ ማሳተም አይችልም። ራሱ ዞሮ እነዚያኑ ግጥሞች ሰብስቦ ከጻፈ ግን ምንም ማለት አትችሉም።

ግጥሜን ፌስቡክ ላይ ለጠፍሁት። አሁን የሁሉም ሆነ?

አልሆነም። አደባባይ ማውጣት መብትን መተው አይደለም። ሼር ማድረግ ሌላ ነው፣ ከነስማችሁ ከነገጻችሁ ይሄዳል። ኮፒ አድርጎ ከሥር ያለውን ስም ቆርጦ በራሱ ገጽ መለጠፍ ግን ሁለት መብት ይነካል፦ የማባዛቱንና ደራሲ ተብሎ የመጠራቱን። ግጥሙን በምስል አድርጋችሁ ስማችሁን መሀሉ ላይ በደብዛዛው ብታሳርፉበት ትንሽ ያደክመዋል፤ ጨርሶ ባያቆመውም።

«ስምህን ጠቅሼ ነው የወሰድሁት፣ ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

ሁሉም የሚሳሳትበት ነው። ስም መጥቀስ ግዴታ ነው እንጂ ፈቃድ አይደለም። ሕጉ ለመጥቀስ ይፈቅዳል፦ ለትችት፣ ለማብራሪያ፣ ለጥናት የሚያስፈልገውን ያህል ቆንጥሮ ምንጩንና ደራሲውን ማሳየት። ሁለት አንቀጽ ወስዶ መወያየት መጥቀስ ነው። ሙሉ አጭር ልብ ወለድ ለጥፎ ከሥሩ «ከእገሌ የተወሰደ» ማለት ግን መውሰድ ነው፣ ራሱም «የተወሰደ» ብሎታል።

መጽሐፌ በፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ ወጣ። ምን ይሻለኛል?

ይሄ የዘመኑ ትልቁ ቁስል ነው። መጽሐፉ ታትሞ አዟሪው እጅ ገና ሳይሞቅ አንድ ሰው በስልኩ ገጽ በገጽ ስካን አድርጎ ብዙ ሺህ ተከታይ ያለው ቻናል ላይ ይጥለዋል። ከሥር «ሼር በማድረግ የንባብ ባህላችንን እናሳድግ» ይላል። ደራሲው የወረቀት ዕዳ ላይ ነው፤ የንባብ ባህል በሰው ዕዳ ያድጋል እንግዲህ።

መጀመሪያ ከማንም ጋር ሳትጣሉ ማስረጃ ያዙ። የቻናሉን ስም፣ ሊንኩን፣ የተለጠፈበትን ቀን፣ ስንት ሰው እንዳየው የሚያሳየውን ቁጥር ስክሪንሾት አንሱ። ቅድሚያ ስድብ ከላካችሁ ያጠፉና «ምንም አልነበረም» ይሏችኋል። ቀጥሎ ለቻናሉ ባለቤት በጨዋ ቋንቋ ጻፉ፦ ደራሲው እኔ ነኝ፣ አልፈቀድሁም፣ እስከዚህ ቀን አንሱ። ከሚገመተው በላይ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ አንዳንዶቹ ጥፋት መሆኑን እውነትም አያውቁም።

እምቢ ካሉ ለራሱ ለቴሌግራም ማመልከት ይቻላል፤ የቅጂ መብት ጥሰት የሚቀበልበት ኢሜል አለው። ማመልከቻው ላይ የመጽሐፉን ርዕስ፣ ባለመብት መሆናችሁን የሚያሳይ ነገር (የሽፋኑና የመብት ገጹ ፎቶ ይበቃል) እና የእያንዳንዱን ፖስት ሊንክ አስገቡ፤ የቻናሉን ስም ብቻ አትስጡ። አንድ እንቅፋት አለ። ቴሌግራም የሚያየው ለሕዝብ ክፍት የሆነውን ቻናል ነው፤ በግል ግሩፕ ውስጥ የሚዘዋወረውን አልነካም ይላል። ለዚያኛው መድኃኒቱ ሌላ ነው፦ እናንተ ራሳችሁ ተመጣጣኝ ዋጋ ያለው ሕጋዊ ዲጂታል ቅጂ ማውጣት። ሙሉ በሙሉ አያስቆምም። ግን ዓረብ አገር ያለችው አንባቢያችሁ መጽሐፉን በቀላሉ የምትገዛበት መንገድ ከሌላት የሌባውን ፒዲኤፍ ብታወርድ ምኑ ይገርማል?

አንድ ልጅ መጽሐፌን ዩቲዩብ ላይ እየተረከው ነው። ድምፁ ደግሞ ያምራል!

ማማሩ ፈቃድ አይሆንለትም። የእናንተን ጽሑፍ በድምፅ ማቅረብና ለሕዝብ ማሰራጨት የእናንተ መብት ነው። እኔ ብሆን ግን መጀመሪያ እደውልለታለሁ። ጥሩ ተራኪ ከሆነ ከሚያገኘው ገንዘብ ድርሻ ተስማምታችሁ በጽሑፍ ብትዋዋሉ ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ።

ካልሆነ ዩቲዩብ የመብት ጥሰት ማመልከቻ ቅጽ አለው። አቤቱታው ተቀባይነት ካገኘ ቪዲዮው ይወርዳል፣ ቻናሉም ማስጠንቀቂያ ይመዘገብበታል። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ማስጠንቀቂያ የሞላበት ቻናል ሊዘጋ ይችላል፤ ስለዚህ ባለ ቻናሎች ይፈሩታል። እናንተም ግን ተጠንቀቁ፦ አቤቱታው ላይ የምትሞሉት ስም ለተከሳሹ ሊደርሰው ይችላል። እሱ «የኔ ነው» ብሎ መልስ ካስገባ ደግሞ ክስ መመሥረታችሁን በአጭር ጊዜ ውስጥ ካላሳያችሁ ቪዲዮው ሊመለስ ይችላል። በብስጭት፣ የራስ ያልሆነ ነገር ላይ የሚሞላ ቅጽ አይደለም።

ከማተሚያ ቤትና ከአሳታሚ ጋር ምን ዓይነት ውል ልዋዋል?

የተጻፈ። ቀሪው ዝርዝር ነው። አገራችን ላይ ውሉ ብዙ ጊዜ ማኪያቶ ላይ ያልቃል፤ «እኛማ ወንድማማቾች ነን፣ ምን ወረቀት ያስፈልጋል» ይባላል። ወንድማማች ከሆናችሁ ወረቀቱ ምን ይጎዳችኋል?

ማተሚያ ቤትና አሳታሚን ለዩ። ማተሚያ ቤት የከፈላችሁትን ያትማል እንጂ መብት አይኖረውም። እዚያ ላይ የሚያሰጋው ትርፍ ቅጂ ነው፦ ሁለት ሺህ አዛችሁ ሦስት ሺህ ይታተምና ቀሪው በሌላ በር ይወጣል። ስለዚህ የቅጂው ብዛት ውሉ ላይ በቁጥርና በፊደል ይጻፍ፣ የተበላሸው ወረቀት ምን እንደሚሆን ይጠቀስ፣ ፋይሉ ለሌላ እንዳይተላለፍ ይታሰር። አንዳንድ ደራሲዎች እያንዳንዱን ቅጂ ይፈርሙበታል ወይ የራሳቸውን ማኅተም ይመቱበታል። እጅ ያዝላል፤ ግን ገበያ ላይ ማኅተም የሌለው ሲገኝ ወዲያው ይታወቃል።

ከአሳታሚ ጋር ሲሆን የምትሰጡት መብት ራሱ ነው፤ ምኑን እንደምትሰጡ ለዩ። የአንድ እትም ነው ወይስ የሁልጊዜ? ለስንት ዓመት? ወረቀቱን ብቻ ነው ወይስ ትረካውን፣ ትርጉሙን፣ ፊልሙንም? «ሙሉ መብቱን አስተላልፌያለሁ» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ብዙ ልጅ አስለቅሳለች። ያልጠቀሳችሁት ሁሉ የእናንተ ሆኖ እንደሚቀር የሚገልጽ አንቀጽ አስገቡ። ገንዘቡ በአንዴ ነው ወይስ በሽያጭ ልክ፣ የሽያጩን ቁጥር ማን ያሳያችኋል፣ ይሄም ይጻፍ። ምስክሮች ይፈርሙ፤ ከቻላችሁ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ አጽድቁት።

አንድ የማይሸጥ ነገር አለ፦ ደራሲ ተብሎ የመጠራት መብት። ገንዘቡን ሁሉ ተቀብላችሁ ብትፈርሙም ስማችሁን አውጥቶ የሌላ ሰው ስም ማስገባት፣ ወይም ሥራውን ክብራችሁን በሚነካ መንገድ መቆራረጥ አይችሉም።

ለዘፋኝ ግጥም ሰጠሁት፤ ዘፈኑ ታወቀ፣ እኔ ተረሳሁ።

ግጥሙ የእናንተ ነው፣ ዜማው የዜማ ደራሲው፣ አፈጻጸሙ የዘፋኙ፤ ሦስቱ ለየብቻ ናቸው። ሙሉውን ግጥም ከመላካችሁ በፊት ክፍያውንና ስማችሁ እንዴት እንደሚጠቀስ በመልእክትም ቢሆን ተስማሙ። ለማስሞከር ከሆነ አዝማቹን ብቻ ስጡት።

መሥሪያ ቤቴ ያጻፈኝ ነገርስ?

ይሄ ወጥመድ ነው፤ ቶሎ እወቁት። በሥራ ቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው። የመሥሪያ ቤት መጽሔት ላይ የጻፋችሁትን በኋላ በራሳችሁ መጽሐፍ ውስጥ ልታካትቱ ካሰባችሁ ቀድማችሁ በጽሑፍ አስፈቅዱ። ማታ ቤታችሁ የምትጽፉት ልብ ወለድ ግን ከሥራችሁ ጋር ካልተያያዘ የእናንተው ነው።

ለሽፋን የፋሲል ግንብን ፎቶ ከኢንተርኔት ባወርድስ?

ግንቡን ማንም አይከለክላችሁም፤ ፎቶው ግን አንሺ አለው። የፎቶ መብት ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ይቆያል። ግንቡ እዚሁ አጠገባችሁ እያለ ማውረድ ምን አመጣው? ስልክ ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይ ለከተማው ፎቶ አንሺ ከፍላችሁ አሠሩ። የራሱ ሥራ ሲሰረቅ የሚጮህ ደራሲ ሽፋኑ የተሰረቀ ሲሆን ደስ አይልም።

ካምፓስ አካባቢ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች መጽሐፌን እያባዙ ይሸጣሉ።

አንድ ተማሪ ለራሱ ጥናት ጥቂት ገጽ ቢገለብጥ አልፈርድበትም፣ ሕጉም ለግል ጥቅም የሚደረግን ቅጂ ለይቶ ያየዋል። ጠርዞ ዋጋ ለጥፎ መደርደር ግን ንግድ ነው። ማስረጃ እንዲሆናችሁ አንድ ቅጂ ግዙና ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ደረሰኝ ከሌለ ምስክር ይዛችሁ ግዙ።

ብሞትስ?

የጥቅም መብቱ በሕይወት እስካላችሁ የእናንተ፣ ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመት የወራሾቻችሁ ነው። በ2000 ዓ.ም. ያረፈ ደራሲ ልጆች እስከ 2050 ዓ.ም. ድረስ ባለመብት ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ ፋይሉ የት እንዳለ፣ ከማን ጋር ውል እንዳለ ለቤተሰብ ንገሩ። ልጆቹ የአባታቸው መጽሐፍ በማን ፈቃድ እንደሚታተም ሳያውቁ ገበያ ላይ የሚያዩት አሳዛኝ ነገር ሞልቷል።

በመጨረሻ ልክሰስ ብል የት እሄዳለሁ? ምንስ አገኛለሁ?

የቅጂ መብት የፌዴራል ሕግ ጉዳይ ነው። እንደኛ ባለ ክልል የክልሉ ፍርድ ቤቶች የፌዴራሉን ሥልጣን በውክልና ይዘው ያዩታል። የትኛው እርከን ላይ እንደሚከፈት ሳትጠይቁ አቤቱታ አታስገቡ፤ «ሥልጣን የለኝም» ተብሎ ሲመለስ ጊዜም ገንዘብም ይበላል።

ፍርድ ቤቱ ዋናው ክርክር እስኪያልቅ ሽያጩ እንዲቆም ማገድ፣ የተባዛውንም ማስያዝ ይችላል። ካሳም አለ፤ ለሞራል ጉዳት የሚወሰነው ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስ አዋጁ ያዛል። ጥሰቱ በወንጀልም ያስጠይቃል፣ እስራት አለው። ይሄን የሚያውቅ ሰው ብዙ ስላልሆነ አንቀጽ ጠቅሶ በጠበቃ የተጻፈ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ብቻውን ብዙ ጉዳይ ይጨርሳል።

ለጠበቃ የሚከፈል ከሌላችሁ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ጠይቁ። ስትሄዱ ግን ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ረቂቁን፣ የታተመውን መጽሐፍ፣ የተሰረቀውን ቅጂ፣ ስክሪንሾቱን፣ ውሉን ካለ፣ መልእክቶቹን በቀን ቅደም ተከተል አትማችሁ በአንድ ፋይል ያዙ።